የመሪጌታ ግራ እግር

በቢቸና ዙሪያ አቋቋም ተማርሁ የሚል ሰው "ማን ዘንድ?" ተብሎ "መሪጌታ ሣህለ ማርያም ዘንድ" ካለ ሌላ አይጠየቅም ነበር። አቋቋም ማለት ዜማውን ከመቋሚያው፣ መቋሚያውን ከእግሩ እርምጃ አስማምቶ በማኅሌት መቆም ነው፤ መሪጌታም ዕድሜያቸውን ሙሉ ይህን ሲያስተምሩ ኖረዋል። ከዋዜማ እስከ ንጋት ቆመው አድረው ቤት ሲገቡ፣ ሚስታቸው አገሬ "ትንሽ አረፍ ይበሉ እንጂ" ስትላቸው፣ "አሁን ገና እግሬ መሟሟቁ ነው" እያሉ ያስቋት ነበር። አገሬ ባሏ አንድ ቀን ይሞታሉ ብላ ታስብ ነበር፤ ሰው ናቸዋ። ይቀመጣሉ ብላ ግን አስባ አታውቅም።

በ1974 ዓ.ም. የኅዳር ሚካኤል በዋለ ማግስት፣ ጠዋት ከመደብ ሊነሡ ሲሉ ግራ እግራቸው አልከተላቸውም። ግራ እጃቸውም አልከተለ። አፋቸው ወደ አንድ ጎን ተጎትቶ፣ "አገሬ" ሊሉ የጀመሩት ስም መንገድ ላይ ቀረ። ጎረቤቱ ሁሉ መጋኛ ነው አለ። ጸበል ተጠመቁ፤ ቅጠልም ታሽቶ ተቀቡ። ነፍሳቸው ተረፈች፤ ግራ ጎናቸው ግን እንደ ሌላ ሰው አካል አጠገባቸው ተኝቶ ቀረ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ሁሉ በፍቅር የሆነ ነው። ደቀ መዛሙርቱ "የመምህራችን እግር መሬት አይነካም" ብለው በጀንዲያቸው ላይ እንደተኙ፣ ቆዳውን በአራቱ ማዕዘን ይዘው ፀሐይ ያወጧቸዋል፤ ጥላ ሲመጣ መልሰው ያስገቧቸዋል። አገሬ ታጎርሳቸዋለች፤ ታጥባቸዋለች፤ ታገላብጣቸዋለች። ዝንብ እንኳ በገዛ እጃቸው እንዲያባርሩ አትፈቅድም ነበር። ውሎ አድሮ ንግግራቸው ተመለሰ፤ ምላሳቸው ከበድ ቢልም ይሰማል። እግራቸው ግን አልተመለሰም። ደቀ መዛሙርቱም አንዱ "እናቴ ታማብኝ"፣ ሌላው "ገበሬ ማኅበር ፈልጎኝ" እያለ ወደ ሌላ መምህር ተበተነ። ቆሞ የማያሳይ የአቋቋም መምህር ምን ያደርጋል? ይህን ማንም አልተናገረም፤ ሁሉም ግን አወቀው።

የሚካኤል ደወል በተሰማ ቁጥር መሪጌታ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው ያዞራሉ። ለፋሲካ ጎረቤቶች ቃሬዛ ይዘው መጥተው "ተሸክመን እናስቀድስዎ" ቢሏቸው እንቢ አሉ።

"የሚካኤልን ደጅ የማውቀው በእግሬ ነው" አሉ በከባዱ ምላሳቸው። "በሰው ትከሻ የምሄደው ለቀብሬ ነው። አገሬ፣ ቆሜ ካልሆነ አትውሰጂኝ።"

"እሺ" አለች አገሬ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የምትለምነው አንድ ነገር ብቻ ሆነ፤ ባሏ በአንድ የሚካኤል ቀን፣ በቀድሞው ቦታቸው፣ በቀኙ ረድፍ ራስ ላይ ቆመው ማየት።

ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ አንድ ከሞጣ የመጣ የጨው ነጋዴ ወሬ አመጣ። በሞጣ፣ ከኦጋዴን ጦርነት እጅ እግራቸውን አጥተው ለተመለሱ ወታደሮች የተከፈተች አንዲት ክፍል አለች፤ ጎናቸው የዛለባቸውንም ትቀበላለች አለ። አገሬ ይህን ሰምታ ውላ አላደረችም። መሪጌታን "ቆመው ለመመለስ ነው" ብላ እሺ አሰኘቻቸው፤ እስከ ቢቸና በቃሬዛ፣ ከቢቸና በአውቶቡስ ሄደው ሞጣ ካለችው እኅታቸው ቤት አረፉ።

ክፍሏ ቆዳ፣ ጄሶና የሰው ላብ የምትሸት ጠባብ የቆርቆሮ ቤት ነበረች። የሚሠሩባት ሦስት ሰዎች ናቸው። ነርሷ ሲስተር ሰብለ ወንጌል የደም ግፊት ትለካለች፤ መድኃኒት ትሰጣለች፤ ወጥ ላይ ጨው የሚያበዙትን ትቆጣለች። ደምለው ከአዲስ አበባ ተመድቦ የመጣ ወጣት ሲሆን ሥራው የዛለን አካል እንደገና ማለማመድ ነው፤ ሕመምተኞቹ "እግር አስተማሪው" ይሉታል። ሦስተኛው እንድሪስ የዚያው የሞጣ ልጅ ነው። ቀኝ እግሩን ከጉልበቱ በታች ኦጋዴን ላይ ትቶ፣ ሲያገግም የእግር ድጋፍ መሥራት ተምሮ የመጣ፤ የሚራመድበትን የእንጨት እግር እንኳ የጠረበው በገዛ እጁ ነው።

ደምለው መሪጌታን አግዳሚ ወንበር ጫፍ ላይ አስቀመጣቸውና "እስቲ ይነሡ አባቴ" አለ። አገሬ ወዲያው ብብታቸው ሥር ገባች።

"እርስዎን አላልሁም እናቴ። እሳቸውን ነው ያልሁት።"

"ብቻቸውን? ቢወድቁስ?"

"እኔ አለሁ።"

"አንተ ማን ነህና! የእኔ ልጅ፣ እኚህ እኮ መሪጌታ ሣህለ ማርያም ናቸው።"

"ቢሆኑም መነሣት አለባቸው። ከታመሙ ጀምሮ በራሳቸው የሠሩት ምንድን ነው?"

አገሬ አሰበች። ብዙ አሰበች። "ጸሎት" አለች በመጨረሻ።

ሲስተር ሰብለ ወንጌል ሳቋን በመዳፏ ሸፈነች። ደምለው ግን አልሳቀም። "በሽታው ጎናቸውን መታው እናቴ፤ ያስተኛቸው ግን ክብራቸው ነው" አለ ዝግ ብሎ። "የተጎዳው አንጎላቸው ነው እንጂ እግራቸው አይደለም። አንጎል ደግሞ እንደ ተማሪ ነው፤ ካልጠየቁት ትምህርቱን ይረሳል።"

መሪጌታ እስከዚያ ድረስ መሬት መሬት ሲያዩ የነበሩት ቀና አሉ። "ከጠየቁትስ?"

"ሁሉን ባይሆን ብዙውን ያስታውሳል።"

"እንግዲያው ጠይቀኝ" አሉ መሪጌታ።

ያን ሰሞን አገሬ የተማረችውን ትምህርት የሚያህል ከባድ ነገር በዕድሜዋ አልተማረችም፤ እጇን መሰብሰብ። መሪጌታ ጉርሻቸውን ሲያንጠባጥቡ ዝም ማለት፤ ነጠላቸውን ሲታገሉ ዝም ማለት፤ ሊነሡ ሲሉ ተንገዳግደው ተመልሰው ሲቀመጡ፣ ከንፈሯን ነክሳ ዝም ማለት። ደምለው በጉልበቱ ተንበርክኮ ያን የሞተ የመሰለ እግር በሁለት እጁ ይዞ "ይግፉኝ" ይላል። እግሩ ዝም። "ይግፉኝ አባቴ።" እግሩ ዝም። አንድ ጠዋት ግን፣ ውኃ ውስጥ እንዳለ ዓሣ፣ ከጭናቸው ቆዳ ሥር አንድ ነገር ውልብ ብሎ ታየ። አገሬ ከተቀመጠችበት ብድግ አለች። በማህፀኗ ልጅ ሲንቀሳቀስ የተሰማት ቀን እንኳ እንዲህ አልደነገጠችም። ያ የወጣቶች ነው፤ ይጠበቃል። ይህ ግን ባረጀ ሰው ጭን ውስጥ፣ ሁሉም ተስፋ ከቆረጠ በኋላ፣ ሕይወት ደጅ ስትመታ ነው።

እንቅስቃሴው ከጭናቸው ወደ ጉልበታቸው ወረደ። ቆሙ። ነገር ግን ከቁርጭምጭሚታቸው በታች ያለው አልነቃም፤ እግራቸውን ሲያነሡ ጣቶቻቸው እንደ ደረቀ ቅጠል ወደ ታች ተንጠልጥለው መሬቱን ይጠርጋሉ፤ ያደናቅፏቸዋል። ያኔ ተራው የእንድሪስ ሆነ። ለካቸውና ከግራና ከቀኙ ቀጭን ብረት ወጥቶ ከጉልበታቸው በታች በቆዳ የሚታሰር፣ ከሥሩ ከጠንካራ ጫማ ሶል ጋር የተያያዘ ድጋፍ ሠራላቸው። መሪጌታ ያን ተጫምተው፣ በቀኝ እጃቸው መቋሚያቸውን ይዘው፣ ከክፍሏ እስከ ግቢው በር ሄደው ተመለሱ። አገሬ እልል ልትል አፏን ከፈተች፤ ድምፅ ግን አልወጣላትም። የሄዱት ወደ በሩ ሳይሆን ባሕር ከፍለው የተሻገሩ መስሎ ታያት።

ለሰኔ ሚካኤል አገራቸው ገቡ። ሰው መንገድ ዳር ወጥቶ ጠበቃቸው። መሪጌታ ነጭ በነጭ ለብሰው፣ ያ ብረት እየተንቋቋ፣ በጭቃው ላይ በእግራቸው ቤተ ክርስቲያኑ በር ደረሱ። ከፊታቸው የነበሩት ጫማቸውን እያወለቁ ገቡ። መሪጌታም ሊያወልቁ ጎንበስ አሉ። እዚያው ላይ ቆሙ።

ብረቱ ከጫማው ጋር አንድ ነው። ጫማው ከወለቀ ድጋፉ የለም፤ ድጋፉ ከሌለ እግሩ የለም።

"ይግቡ እንጂ መሪጌታ! ዝናቡ መጣ እኮ!" አለች ከኋላቸው አንዲት ባልቴት።

መሪጌታ ከነጫማቸው በሩን ተሳለሙ፤ ዞሩ፤ እየዘነበ ወደ ቤታቸው ተመለሱ። ቤት ሲደርሱ ጫማውን አውልቀው ከመደቡ ሥር አስገቡትና እንደ ቀድሞው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

አገሬ ራሷን መብላት ጀመረች። በሞጣ ስለ መንገዱ ርዝመት ጠይቀዋት ነበር፤ ስለ ዳገቱ፣ ስለ ጭቃው፣ ስለ ቤታቸው ደፍ እንኳ። የት ሊቆሙ እንደሚሄዱ ግን ማንም አልጠየቃትም፤ እሷም አልተናገረችም። በተቀደሰ ቦታ ጫማ ማውለቅ ለእሷ እንደ መተንፈስ ነው። ማን ስለ መተንፈስ ይናገራል?

ክረምቱ ጋብ ሲል ጫማውን በጨርቅ ጠቅልላ ብቻዋን ሞጣ ሄደች። ሦስቱ ምሳ ሊበሉ ሲወጡ አገኘቻቸውና ደጃፉ ላይ ጨርቁን ፈታች።

"ተሰበረ?" አለ እንድሪስ።

"አልተሰበረም። በጫማ ቤተ ክርስቲያን አይገባም።"

ደምለው ግንባሩን በመዳፉ መታ። "እኔ ራሴ ተጠምቄ ያደግሁት! በየእሑዱ እያወለቅሁ የምገባው!"

"አንተስ የከተማ ልጅ ነህ" አለ እንድሪስ። "እኔ ነኝ እንጂ ጅሉ! በየጁምዓው መስጊድ በር ላይ በአንድ እግሬ ስታገል እየዋልሁ። እኔማ እንጨቴን አጥቤው እገባለሁ፤ እንጨት ነዋ። የመሪጌታ ሥጋ መሆኑን ረሳሁት።"

"እንግዲህ ሶል የሌለው ድጋፍ ሥራልኛ" አለች አገሬ።

"ሶል ከሌለ ብረቱ ምን ላይ ይቆማል?" አለ ደምለው። "ቁርጭምጭሚታቸው ይዞራል። ይወድቃሉ።"

"በዚህ የደም ግፊት ላይ ራሳቸውን ቢመቱ ደግሞ ሁለተኛ አናቆማቸውም" አለች ሲስተር ሰብለ ወንጌል።

እንድሪስ የወገብ ቀበቶውን ፈታ፤ ደምለውን ወንበር ላይ ገፍትሮ አስቀመጠው፤ ግራ ጫማውንና ካልሲውን አወለቀበት። ቀበቶውን ከጉልበቱ በታች ጠምጥሞ ጫፉን በእግሩ ፊት አወረደና በጣቶቹ ሥር አዙሮ ወደ ላይ ሳበው። የደምለው እግር ብድግ አለ።

"ከታች መደገፍ ካልተቻለ ከላይ መሳብ ነው" አለ እንድሪስ።

"በውጭ በኩል ይዞራል እኮ።"

"በውጭ በኩል ሌላ ማሰሪያ እጨምራለሁ።"

"ጣታቸው ሥር የሚያልፈው ሰፊና ለስላሳ ይሁን" አለች ሲስተር። "ግራ እግራቸው ሲላጥ ብዙም አያማቸውም፤ ሳያውቁት ይቆስላል። በየቀኑ ማታ የሚያይ ሰው ያስፈልጋል።"

"እኔ አያለሁ" አለች አገሬ።

ምሳው ተረሳ። አንዱ በከሰል መሬቱ ላይ ይሥላል፤ አንዱ ያጠፋል፤ አንዷ "ቆይ፣ ቆይ" ትላለች። አገሬ ግድግዳውን ተደግፋ አየቻቸው። እንደ እነሱ ያለ የተማረ ሰው ለእሷ ሁልጊዜ ቢሮ ውስጥ ተቀምጦ "ነገ ነይ" የሚል ነበር። እነዚህ ግን አንዱ ከአዲስ አበባ፣ አንዷ ከደብረ ማርቆስ፣ አንዱ ከሞጣ እስላም ሠፈር መጥተው፣ እዚያ በሌሉ በአንድ ሽማግሌ እግር ላይ ሦስት ራስ ደፍተው ይጨቃጨቃሉ። ዕንባዋ መጣ፤ ለምን እንደመጣ ግን ማወቅ አቃታት።

"ቆዳው ግን ከእኔ አይሆንም" አለ እንድሪስ ድንገት ቀና ብሎ። "እዚህ ያለኝ ሁሉ የእኛ እርድ ነው። ለማኅሌት ሲሆን ካህናቱ ምን እንደሚሉ አላውቅም፤ ለምን ነገር ይበዛል? ከቤታችሁ ምን ቆዳ አለ?"

አገሬ ይህን ጥያቄ ከቢቸና ጀምሮ በሆዷ ይዛ መጥታ ነበር፤ ልትጠይቀው ግን አፍራ ነበር። "ጀንዲያቸው አለ" አለች። "ታመው የተኙበት።"

"እሱን ያምጡልኝ። ያስተኛቸው ያቁማቸው።"

በመስከረም መሪጌታን ለምና አግባብታ ሞጣ መለሰቻቸው። እንድሪስ ጀንዲውን ቆረጠ፤ አለሰለሰ፤ ሰፋ። ሲጨርስ ከጉልበት በታች የሚጠመጠም ሰፊ መቀነትና ከእሱ ወርዶ እግርን ከፊት የሚስብ፣ ከውጭም የሚይዝ ማሰሪያ ሆነ። መሪጌታ አዩትና ለመጀመሪያ ጊዜ ከሰኔ ወዲህ ፈገግ አሉ። "ይህማ ልጓም ነው። በስተርጅና ልትለጉመኝ ነው እንድሪስ?"

"በቅሎ የሚለጎመው እንዳይሄድ ነው እንዴ መሪጌታ? ደህና እንዲሄድ እንጂ።"

አሠራቸው። መሪጌታ መቋሚያቸውን ይዘው ተነሡ። ግራ እግራቸው ባዶውን የሲሚንቶው ወለል ላይ አረፈ። ሁሉም ወደቁ አልወደቁ እያለ ሲጠብቅ፣ እሳቸው ግን ቀጥ ብለው ቆመው የሆነ ነገር የሚያዳምጡ መሰሉ።

"ምን ሆኑ?" አለች አገሬ።

"ቀዝቃዛ ነው" አሉ መሪጌታ። ዓይናቸው ሞላ። "አገሬ፣ መሬቱ ይቀዘቅዛል እኮ።"

ሲስተር ሰብለ ወንጌል ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

አገራቸው ሲመለሱ ነገሩ ገና አላለቀም ነበር። ልጓሙን ያዩ አንዳንድ ካህናት "ቆዳ እግር ላይ ታስሮ ጫማ አይደለም ማለት እንዴት ይሆናል?" ብለው አጉረመረሙ። የኅዳር ሚካኤል ሲቃረብ የደብሩ አለቃ፣ አለቃ አካለ ወልድ፣ ከሁለት ካህናት ጋር ቤታቸው መጡ። ሽማግሌ ናቸው፤ ዓይናቸው ደክሟል። የቀረበላቸውን ጠላ ሳይቀምሱ "እስቲ እግርዎን ያንሡልኝ" አሉ።

መሪጌታ አነሡ። አለቃ መሬት ላይ ተንበርክከው መዳፋቸውን ከመሪጌታ ተረከዝ ጀምሮ እስከ ጣቶቻቸው ሥር ቀስ አድርገው አሻሹ። ከጣቶቹ ሥር ከምታልፈው ለስላሳ ማሰሪያ በቀር የተሰነጣጠቀ የሽማግሌ ተረከዝና ሙቅ ሥጋ ነው የነኩት።

"ጫማ ሰውን ከምድር ይለያል" አሉ አለቃ ሳይነሡ። "ይህ አልለየም።"

"ቆዳው ግን አባታችን..." አለ አንዱ ካህን።

"ከበሮው በምን ተወጠረ ልጄ? በሐር?" አሉና እጃቸውን ዘረጉ። "በሉ አሁን አንሡኝ፤ ልጓም የሚያስፈልገውስ ለእኔ ጉልበት ነው።"

የኅዳር ሚካኤል ዕለት ታቦቱ ወጥቶ ካህናቱ በታቦቱ ፊት ጫማቸውን አውልቀው በግቢው መሐል በሁለት ረድፍ ተሰለፉ። መሪጌታ ሣህለ ማርያም በቀኙ ረድፍ ራስ ላይ፣ በባዶ እግራቸው፣ በመቋሚያቸው ቆሙ። ግራ እጃቸው ጸናጽል መያዝ ስለማይችል ነጠላቸው ውስጥ አስገብተውታል። ለበዓሉ ከሞጣ የመጡት ደምለውና ሲስተር ሰብለ ወንጌል ከሕዝቡ ጋር ናቸው። እንድሪስ ከግቢው ውጭ፣ ከድንጋይ አጥሩ ማዶ ቆሞ አንገቱን አስግጓል፤ ታቦቱንም ሰዉንም አያይም፤ መሬት መሬት ነው የሚያየው።

"ያ ሰው ምን ጠፍቶበት ነው?" አለች ከአገሬ አጠገብ የቆመች ሴት።

"እግር እየጠበቀ ነው" አለች አገሬ።

ወረቡ ተጀመረ። ከበሮውን የሚመታው ጓዴ የሚባል ነው፤ ከመሪጌታ ደቀ መዛሙርት አንዱ የነበረ፣ ሲታመሙ ከሄዱት አንዱ፤ ለበዓሉ የመጣ። ረድፉ ወደ ፊት ራመደ። የመሪጌታ ቀኝ እግር ከሁሉ ጋር አረፈ። ግራው ተነሣ፤ ልጓሙ ጣቶቻቸውን ከመሬት አነሣቸው፤ ነገር ግን ዘገየ። ሌሎቹ አርፈዋል፤ የእሳቸው እግር አየር ላይ ነው። የአገሬ ልብ ከእሱ ጋር አየር ላይ ቀረ።

ጓዴ ወደዚያ እግር አየ። ቀጣዩን ምት ሊመታ ያነሣውን መዳፍ ከከበሮው በላይ ያዘው። ሁለቱም ረድፎች፣ ሽማግሌውም ወጣቱም፣ መቋሚያቸውን እንደያዙ ቆሙ። ዜማው ተንጠለጠለ። እግሩ ወረደ፤ ምድርን ነካ። ያኔ ከበሮው ድም አለ።

እንዲህ ነው የተወረበው። በእያንዳንዱ እርምጃ ከበሮው ያችን አንዲት እግር ይጠብቃል፤ ረድፉ ከበሮውን ይጠብቃል፤ ሕዝቡ እስትንፋሱን ይዞ ረድፉን ይጠብቃል። አገሬ በዕድሜዋ ብዙ ወረብ አይታለች፤ የፈጠኑም ያማሩም። ይህን የመሰለ ግን አላየችም። ያ ሁሉ ሰው፣ ሰማዩም ቢሆን፣ በአንድ ሽማግሌ ቁርጭምጭሚት ልክ የሚራመድ መሰላት። ደምለው ከንፈሩ እየተንቀሳቀሰ ነው፤ "ይግፉኝ፣ ይግፉኝ" የሚል ይመስላል።

"እልል በይ እንጂ አገሬ!" አለቻት ጎረቤቷ።

"ቆይ" አለች። "ይጨርሱት።"

ዜማው ሊፈጥን ሲል፣ ጭብጨባው ሊሞቅ ሲል፣ መሪጌታ አወቁት። ልጓሙ እዚያ አያደርስም። መቋሚያቸውን ከፍ አድርገው ለረድፉ እጅ ነሡና አንድ እርምጃ ወደ ኋላ፣ ሌላ እርምጃ ወደ ኋላ ብለው ራሳቸው ወጡ። ላባቸው ከግንባራቸው ይንቆረቆራል። ማንም አልደገፋቸውም።

ከበሮው ፈጠነ፤ ጭብጨባው ደራ፤ ወጣቶቹ ዘለሉ። በቀኙ ረድፍ ራስ ላይ ግን የአንድ ሰው ስፋት ያህል ቦታ ክፍት ነበር። ወረቡ እስኪያልቅ ድረስ ማንም ገብቶ አልዘጋውም። መሪጌታ ከግቢው የጽድ ዛፍ ሥር ቆመው ያን ክፍት ቦታ ሲያዩ፣ አገሬ ያኔ እልል አለች።